ካሜራው ከማውንቱ ጋር ሲላተም የትኛውን መፍትሔ እንምረጥ? ለምድር ወገብ ቅርብ ለሆንን የሰማይ ፎቶ አንሺዎች የተዘጋጀ ንጽጽር

በቴሌስኮፕ ጀርባ ካሜራ ያሰረ ሰው ብዙ ሳይቆይ የሚያጋጥመው ነገር አለ። ቱቦው ወደ ሰማይ አናት እየቀና ሲሄድ፣ ከኋላ የታሰረው ካሜራ ወደ ታች ይወርድና ከማውንቱ፣ ማለትም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ከሚያዞረው አካል ጋር ይላተማል። ሞተሩ መንገዱ መዘጋቱን አያውቅም፤ የታዘዘበት ኮከብ ላይ እስኪደርስ መግፋቱን ይቀጥላል። መጨረሻው የተጫረ ካሜራ፣ የተጣመመ የኬብል መሰኪያ፣ ሲብስም ጥርሱ የተበላ ማርሽ ነው።

ለዚህ ችግር የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ነው። «ወደ አናት አትጠጉ፣ ከ60 ዲግሪ በታች ያለው ሰማይ ይበቃል» ይላሉ። ለንደን ላለ ሰው ምክሩ ብዙ አያጎድልበትም። ለንደን በ51.5 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይና ፕላኔቶች የሚጓዙበት መንገድ እዚያ ቢበዛ 62 ዲግሪ ከፍታ ላይ ቢደርስ ነው። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ይኸው መንገድ የቀትርን መስመር (ከሰሜን ተነስቶ በአናት አልፎ ወደ ደቡብ የሚወርደውን) ሲያቋርጥ እኛ ዘንድ ዝቅተኛ ከፍታው 57 ዲግሪ ተኩል፣ ከፍተኛው ደግሞ ድፍን 90 ነው። ጁፒተር በጥር 2018 ዓ.ም. ከፀሐይ ትይዩ በነበረበት ወቅት ከአዲስ አበባ ሲታይ 77 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ያልፍ ነበር። የኦሪዮን ኔቡላ 75 ዲግሪ ተኩል ላይ ያልፋል፤ ቤቴልጅዩዝ የተባለው ቀይ ኮከብ ደግሞ ከአናታችን 2 ዲግሪ እንኳን አይርቅም።

እኛ አናቱን ስንተው የምንተወው የሰማዩን ምርጥ ክፍል ነው። ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር የሚሳሳው እዚያ ነው፤ ፕላኔቶቹም የሚያልፉት በዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ አማራጮቹን ከዋጋና ከምቾት በፊት የማወዳድራቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ አናቱን ይከፍትልናል ወይስ ይዘጋብናል?

ከሁሉ በፊት ሜትር ይያዙ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሁለት ርቀቶችን ይለኩ። የመጀመሪያው ቱቦው ወደ ላይና ወደ ታች ከሚዞርበት አንጓ እስከ ማውንቱ ወንበር፣ ማለትም ክንዱ እስከተተከለበት መሠረት ያለው ርቀት ነው። ሁለተኛው ከዚያው አንጓ እስከ ካሜራው መጨረሻ ያለው ነው። መጨረሻ ስንል የካሜራው ጀርባ ብቻ አይደለም፤ የዩኤስቢ መሰኪያውና ኬብሉ የሚታጠፍበት ቦታ ጭምር ይቆጠራል። ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚወጣ መሰኪያ ከነኬብሉ መታጠፊያ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር በቀላሉ ይበላል።

ሁለተኛው ርቀት ከመጀመሪያው ካነሰ ጭንቀት የለም። ከበለጠ ግን የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉና በስልክዎ ካልኩሌተር የሳይን ተገላቢጦሹን ይፈልጉ፤ የሚወጣው ዲግሪ ካሜራው ወንበሩን የሚነካበት ከፍታ ነው። ለምሳሌ ከአንጓው እስከ ወንበሩ 35 ሴንቲ ሜትር፣ እስከ ካሜራው ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የሚላተመው 61 ዲግሪ ላይ ነው። ካሜራው 37 ላይ ቢያበቃ 71 ዲግሪ ይደርሳል፤ 36 ቢሆን ደግሞ 76 ተኩል። አራት ሴንቲ ሜትር ማሳጠር 15 ዲግሪ ሰማይ ይመልሳል ማለት ነው። ይህ ስሌት ካሜራውን እንደ ቀጭን ዘንግ ስለሚቆጥር ለካሜራው ውፍረት ተጨማሪ መቀነስ ያስፈልጋል፤ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ካሜራ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ይቀንሱ።

ስሌቱን በካርቶን ማረጋገጥ ይቻላል። የካሜራውን ስፋትና ርዝመት የሚያህል ሲሊንደር ከካርቶን ይሥሩ፤ መሰኪያው የሚወጣበት ቦታ ላይ እርሳስ ይሰኩበት፤ በቴሌስኮፑ ጀርባ በፕላስተር ያስሩት። ከዚያ በቀን ብርሃን፣ በሞተሩ ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ዓይንዎን ከወንበሩ ሳይነቅሉ ቱቦውን ቀስ እያሉ ወደ አናት ያቅኑት። እርሳሱ ወንበሩን ሲነካ ያቁሙና በእጅ መቆጣጠሪያው ላይ የሚታየውን ከፍታ ይጻፉ። ካሜራውን ገና ሳይገዙ ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ብልህነቱም እዚያ ላይ ነው።

ቱቦውን ወደፊት መግፋት

ምሳሌ የማደርገው ብዙ ጀማሪዎች የሚይዙትን ባለ አንድ ክንድ ማውንት፣ የሴለስትሮንን ኔክስስታር 8ኤስኢ ነው። ቱቦው 203 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2032 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው ሽሚት-ካሰግሬን (መስታወትና ሌንስ አጣምሮ በአጭር ቱቦ የሚሠራ ቴሌስኮፕ) ሲሆን፣ ከክንዱ ጋር የሚያያዘው በሐዲድና በመቆንጠጫ ብሎን ነው። ብሎኑን አላልቶ ቱቦውን በሐዲዱ ላይ ወደፊት ማንሸራተት ይቻላል። ወጪ የለውም፤ የሚወስደውም ሁለት ደቂቃ ነው። ካሜራ ሲጨመር ጀርባው ስለሚከብድ ቱቦውን ወደፊት መግፋት ክፍተቱን ከማስፋት አልፎ ሚዛኑንም ያስተካክላል። አንድ እርምጃ ሁለት ችግር ሲፈታ ደስ ይላል፤ ስለዚህ ከሁሉም አማራጮች መጀመሪያ የሚሞከረው ይህ ነው።

ወሰኑ የሐዲዱ ርዝመት ነው። መቆንጠጫው ሐዲዱን በሙሉ ስፋቱ መያዝ አለበት፤ በጫፉ ብቻ ከተያዘ ቱቦው ሊወድቅ ይችላል። ከልክ በላይ ከተገፋ ደግሞ ፊቱ ይከብድና የከፍታ ሞተሩ ይጨነቃል። ሁለት ክንድ ያላቸው ማውንቶች፣ ለምሳሌ ሲፒሲ 800 ወይም የሚድ ኤልኤክስ90፣ ቱቦውን በሁለት ጎን አንጓው ላይ ስለሚይዙት የሚንሸራተት ነገር የለም። የእነሱ ባለቤቶች ይህን ክፍል አልፈው ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

ከኋላ የተደረደረውን ማሳጠር

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዶ ማሰብ ያዋጣል፤ ብዙ ሰው የማያስፈልገውን ዕቃ ደርድሮ ስለ ክፍተት ያማርራልና።

ፕላኔት የሚያነሳ ሰው በተለምዶ ምስሉን የሚያጎላ ባርሎ ሌንስ፣ የአየር ቀለም መበተን ማረሚያ፣ አንዳንዴም ምስሉን ወደ ዓይን ወይም ወደ ካሜራ የሚያዞር መስታወት (ዲያጎናል) ይደረድራል። እያንዳንዱ ርዝመት ይጨምራል። የቀለም ማረሚያው የተፈለሰፈው ፕላኔቱ ዝቅ ሲል አየሩ ቀይና ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚለያየው ነው። ጁፒተርን በ30 ዲግሪ ከፍታ ለሚያነሳ ሰው የግድ ነው፤ በ77 ዲግሪ ለሚያነሳው ግን ጥቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከአዲስ አበባ ወይም ከሐዋሳ የሚያነሳ ሰው ያለ ምንም ቅሬታ ሊያወጣው ይችላል። ሴንቲ ሜትሮቹም ገንዘቡም ይተርፋሉ።

ሁለተኛው መንገድ ዲያጎናሉን ማስቀረት ሳይሆን መጠቀም ነው። ምስሉን በ90 ዲግሪ የሚያጥፈው መስታወት ትንሹን የፕላኔት ካሜራ ከኋላ ወደ ጎን ያዞረዋል። ካሜራውን ክንዱ ከሌለበት ወገን ካዞሩት ወደ ወንበሩ የሚወርደው የዲያጎናሉ ርዝመት ብቻ ይሆናል። ምስሉ ግራና ቀኙ ይገለበጣል፤ ያንን በኮምፒውተር በአንድ ትእዛዝ መመለስ ቀላል ነው። ዋናው ጉድለት ጥራቱ ዝቅ ያለ መስታወት ዝርዝር ማደብዘዙ ነው። ትልቅና ከባድ ካሜራም በዲያጎናል ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ ብሎኑ ይላላል፣ ምስሉም ይንሸራተታል።

ኔቡላና ጋላክሲ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ሌላ ግድግዳ ይገጥመዋል። የትኩረት ርዝመቱን የሚያሳጥረው ሬዱሰር ከሴንሰሩ ሊኖረው የሚገባ የታወቀ ርቀት አለ። ለኤፍ/6.3 (ኤፍ ማለት የትኩረት ርዝመቱ ለቱቦው ስፋት ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር ነው) የሴለስትሮን ሬዱሰር ይህ ርቀት 105 ሚሊ ሜትር ነው። የካኖን ባለ መስታወት ካሜራ አዳፕተር ከሚገጠምበት ቲ-ቀለበት ጋር 55 ሚሊ ሜትር ይወስዳል፤ ቀለበቱን ከሬዱሰሩ ጋር የሚያያይዘው ቲ-አዳፕተር 50 ይሞላል፤ ሁለቱ ተደምረው 105 ይመጣሉ። ከዚህ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ልቀንስ ያለ ሰው ሬዱሰሩ ከታሰበለት መጠን ውጭ ይሠራበታል፤ በምስሉ ማዕዘኖች ያሉ ኮከቦችም ተለጥጠው ሊታዩበት ይችላሉ። ለሴለስትሮኑ ኤጅ ኤችዲ 8 ቱቦ ያለ ሬዱሰር የሚፈለገው ርቀት 133.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱም ቢሆን አይነካም። ሬዱሰር የሌለው ተራ ሽሚት-ካሰግሬን ግን ዋናውን መስታወት በማንቀሳቀስ ስለሚያተኩር ሰፊ ነጻነት ይሰጣል፤ አጭር አዳፕተር ገዝቶ ካሜራውን ወደ ቱቦው ማስጠጋት ይቻላል።

የማይነካው ርቀት ከሴንሰሩ በፊት ያለው ነው። ከሴንሰሩ በስተኋላ ያለው የካሜራ አካል ግን የምርጫ ጉዳይ ነው። ጀርባው ላይ ማቀዝቀዣ ያለው የሥነ ፈለክ ካሜራ ከሴንሰሩ በኋላም ረጅም ነው፤ መስታወት የሌለው ተራ ፎቶ ካሜራ ግን ከሴንሰሩ ጀርባ ያለው ስስ ነው። ኬብሉን በተመለከተም የኤል ቅርጽ ያለው መሰኪያ ይግዙ። ይህች ትንሽ ዕቃ የምትመልሰው ክፍተት አንዳንዴ በብዙ ገንዘብ ከሚገዛ አዳፕተር ይበልጣል። ኬብሉ ደግሞ ወደ ጎን ታጥፎ ቱቦው ላይ ይታሰር፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ በወንበሩና በካሜራው መካከል መግባቱ አይቀርም።

ገደብ ማበጀት

በኔክስስታር የእጅ መቆጣጠሪያ ውስጥ ቱቦው ከተወሰነ ከፍታ እንዳያልፍ የሚከለክል ቅንብር አለ። በካርቶኑ ካገኙት ቁጥር 3 ዲግሪ ቀንሰው ያስገቡት። ሁሉም ሰው፣ ሌላ መፍትሔ ቢኖረውም እንኳን፣ ይህን ያድርግ፤ ንብረት ይጠብቃል። እንደ ብቸኛ መፍትሔ ግን ለእኛ የመጨረሻው ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም አናቱን በገዛ እጃችን መዝጋት ነው። ለስቶክሆልም ነዋሪ በቂ የሆነው ገደብ ለአዳማ ነዋሪ ጁፒተርን ምርጥ በሆነበት ሰዓት ይነጥቀዋል።

ካሜራውን ወደ ፊት ማዛወር

ሃይፐርስታር የሚባለው የስታሪዞና መሣሪያ የሽሚት-ካሰግሬኑን ሁለተኛ መስታወት አስወጥቶ በቦታው ሌንሶችና ካሜራ ይተክላል። ካሜራው ከቱቦው ፊት ስለሚሆን ከኋላ የሚላተም ነገር ጨርሶ አይኖርም፤ አናቱም ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። የ8 ኢንች ቱቦ ከኤፍ/10 ወደ ኤፍ/2 ገደማ ይወርዳል፤ ለተመሳሳይ ብርሃን የሚያስፈልገው ጊዜ 25 እጥፍ ያጥራል። ለኔቡላ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለፕላኔት ግን ፈጽሞ አይሆንም። የትኩረት ርዝመቱ ወደ 400 ሚሊ ሜትር ስለሚወርድ ጁፒተር በሴንሰሩ ላይ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያነሰች ነጥብ ትሆናለች፤ በ2032 ሚሊ ሜትር ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ትጠጋለች። የካሜራው ቅርጽም ወሳኝ ነው። 78 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ካሜራ ከ203 ሚሊ ሜትሩ አፍ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ይከልላል፤ ሰፊ አካል ያለው ባለ መስታወት ፎቶ ካሜራ ግን በ8 ኢንች ቱቦ ላይ ብርሃኑን ከልክ በላይ ይጋርዳል። አሮጌ ቱቦዎች መለወጫ ዕቃ ይፈልጋሉ። ዋጋውም ቀላል ስላልሆነ ይህን የምመክረው ኔቡላ ብቻ ለማንሳት ለቆረጠና ክብ ካሜራ አስቀድሞ ላለው ሰው ነው።

ሽብልቅ፦ የእኛ ኬክሮስ የሚያግዝበት ቦታ

እስካሁን ያየናቸው መፍትሔዎች ማውንቱ ወደ ላይና ወደ ጎን በሚዞርበት አሠራር ውስጥ ናቸው። በዚህ አሠራር አናት አካባቢ ሌላ ችግር አለ፤ ምስሉ በካሜራው ውስጥ ይሽከረከራል። ከአዲስ አበባ በ60 ዲግሪ ከፍታ የቀትርን መስመር የሚያቋርጥ ኮከብ አካባቢ ሽክርክሪቱ በሰዓት 30 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በ80 ዲግሪ ከፍታ ግን 85 ይደርሳል። ፕላኔት ለሚያነሳ ሰው ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ስለሆነ ይቻላል። ኔቡላ በረጅም ቀረጻ ለሚያነሳ ሰው ግን ካሜራው ባይላተም እንኳን ኮከቦቹ ቅስት ይሠሩበታል። ስለዚህ ለረጅም ቀረጻ ማውንቱን በሽብልቅ ላይ አዘንብሎ መዞሪያውን ወደ ሰሜን ዋልታ ማቅናት ያስፈልጋል።

ባለ ሁለት ክንድ ማውንት በሽብልቅ ላይ ሲሆን ካሜራው ወንበሩን የሚነካው ቱቦው ወደ ዋልታው ሲያይ ነው። በሰሜን አውሮፓ ዋልታው ከአናት ስለማይርቅ ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። እኛ ዘንድ ዋልታው ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ያለ ነው። ቀደም ባለው ምሳሌ በ61 ዲግሪ የሚላተመውን ካሜራ በሽብልቅ ላይ ብናስበው፣ የምናጣው ከ61 ዲግሪ ዴክሊኔሽን (ከሰማይ ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የሚለካ ርቀት) በላይ ያለውን የሰሜን ሰማይ ነው፤ ያ ክፍል ከአዲስ አበባ ቢበዛ በ38 ዲግሪ ከፍታ የሚያልፍ፣ ወፍራም አየር ውስጥ ያለ የሰሜን ጥግ ነው። አናቱ፣ ኦሪዮን፣ የፕላኔቶቹ መንገድ ሁሉ ነጻ ይሆናሉ። ለሰሜን አውሮፓ አስቸጋሪ የሆነው መፍትሔ ለእኛ ከሁሉ የተመቸ ሆኖ ማግኘት በእውነት ያስደስታል።

ሁለት ነገር ግን መጠንቀቅ ያሻል። አንደኛው የሽብልቁ ጥንካሬ ነው። በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ማውንቱ ሊተኛ ምንም አይቀረው፤ ክብደቱ በሙሉ ወደ ሰሜን ተንጠልጥሎ ሽብልቁን ይጎትታል። ሁሉም ሽብልቅ ይህን ያህል ዝቅ አይልም፤ የሴለስትሮን ኤችዲ ፕሮ ሽብልቅ ከ0 እስከ 90 ዲግሪ ይሄዳል። ሌላው ወደ ደቡብ ሲዞር የሚፈጠረው ነው፤ ያኔ ወደ ወንበሩ የሚጠጋው የቱቦው ፊት ነው። የደቡብ መስቀልንና ኢታ ካሪናን የመሰሉ፣ አውሮፓውያን የማያዩዋቸው ውበቶች 60 ዲግሪ ደቡብ ዴክሊኔሽን አካባቢ ስላሉ የጤዛ መከላከያውን አስረው የፊተኛውንም ክፍተት ይለኩ።

ዋልታውን ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። በእንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው የሰሜን ኮከብ ከተራራው ጀርባ ትውላለች። ሌሎች ኮከቦችን ተጠቅመው ዋልታውን የሚያገኙ ፕሮግራሞች ስላሉ ይህ መንገዱን አይዘጋም፤ ምሽቱን ግን በግማሽ ሰዓት ያህል ያሳጥራል።

የጀርመን ኢኳቶሪያል ማውንትና የትራይፖድ እግሮች

በጀርመን ኢኳቶሪያል ማውንት (መዞሪያው ወደ ዋልታው የሚያይ፣ ቱቦውን በአንድ ወገን፣ የሚዛን ክብደቱን በሌላው ወገን የሚይዝ) ላይ ወንበር የለም፤ የሚላተመው ከትራይፖዱ እግር ጋር ነው። ቱቦው ወደ አናት ሲያይ ጀርባው ከነካሜራው በማውንቱ ጎን ይንጠለጠላል፤ ቱቦው ረጅም ከሆነ እግሩን ያገኘዋል። ይህ የትም አገር ያለ ነው። እኛ ላይ የሚጨመረው የሚዛን መጠበቂያው ክብደት ዘንግ ነው። በዝቅተኛ ኬክሮስ የማውንቱ ራስ ወደ ሰሜን ስለሚተኛ ዘንጉ ወደ ታች ሲያመለክት በቀጥታ የሰሜኑን እግር ይመታል። እነዚህ ማውንቶች ሲዘጋጁ በአብዛኛው በ40 እና በ50 ዲግሪ ላይ ያለ ሰው ታስቦ ነው፤ ብዙዎቹ ታዋቂ ማውንቶች ዝቅተኛ ወሰናቸው 10 ወይም 15 ዲግሪ ነው። የሴለስትሮን አድቫንስድ ቪኤክስ ከ7 እስከ 77፣ ሲጂኤክስ ከ3 እስከ 65 ይሠራሉ። ባሕር ዳርና ጎንደር ከ11 ዲግሪ በላይ ስለሆኑ ሰፋ ያለ ምርጫ አላቸው፤ አዲስ አበባ 9፣ ሐዋሳ 7፣ አርባ ምንጭ 6 ላይ ስለሆኑ ከመግዛት በፊት ይህን ቁጥር ማየት ግድ ነው። ልዩነቱ አንድ ሁለት ዲግሪ ከሆነ የሰሜኑን እግር ትንሽ በማሳጠር ማውንቱን ማዘንበል ይቻላል። ማውንቱ ውሃ ልክ መሆኑ ግዴታ አይደለም፤ ግዴታው መዞሪያው ዋልታውን ማየቱ ነው።

ለዘንጉ ግጭት የሚነገረው የመጀመሪያው መላ ትራይፖዱን አዙሮ ሁለቱን እግሮች ወደ ሰሜን ምሥራቅና ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ አንዱን ወደ ደቡብ ማድረግ ነው። ዘንጉ በሁለቱ እግሮች መካከል ይወርዳል። ነገር ግን ቱቦው በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ጎን ሲንጠለጠል እነዚያኑ እግሮች ሊያገኛቸው ይችላል፤ አንዱን ቀዳዳ ደፍኖ ሌላውን መክፈት ነው። አጭር ቱቦ ላለው ሰው ይሠራል፤ ረጅም ሪፍራክተር (በሌንስ የሚሠራ ቴሌስኮፕ) ላለው አይሠራም።

በትራይፖዱና በማውንቱ መካከል የሚገባ ማስረዘሚያ ምሰሶ ሁለቱንም ግጭት በአንድ ጊዜ ይቀንሳል። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ሲጨመር እግሮቹ ተዘርግተው ከቱቦው ይርቃሉ። ትንሽ መንቀጥቀጥ ይጨምራል፤ የትራይፖዱን እግሮች ሳይመዝዙ በአጭሩ ካቆሙት ግን መረጋጋቱ አብዛኛው ይመለሳል። ከቤት ወጥቶ ወደ ገጠር ለሚሄድ ሰው ከሁሉም የምመርጥለት ይህን ነው።

ቋሚ ግቢ ወይም ጣሪያ ያለው ሰው ግን ትራይፖዱን ይተወው። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወፍራም የብረት ቱቦ በኮንክሪት ላይ ተተክሎ፣ ውስጡ በደረቅ አሸዋ ተሞልቶ፣ አናቱ ላይ ለማውንቱ የሚሆን ጠፍጣፋ ብረት ቢበየድበት እግር የሚባል ነገር አይኖርም። አሸዋው ንዝረቱን ይውጣል። በያጁ የላይኛውን ብረት ወደ ሰሜን 5 ወይም 6 ዲግሪ አዘንብሎ እንዲበይደው ቢነገረው አርባ ምንጭ ላለ ሰው የማውንቱ 10 ዲግሪ ወሰን ችግር መሆኑ ያበቃል። ይህን ሥራ በየከተማው ያለ የብረት ሥራ ቤት ይሠራዋል፤ ከውጭ ተገዝቶ ከሚመጣ ከማንኛውም ማስረዘሚያ ይሻላል። እኔ በዚህ ንጽጽር ውስጥ ለገንዘቡ ከፍተኛውን ጥቅም የሚሰጥ ብዬ የማስቀምጠው ይህን ምሰሶ ነው።

ሃርሞኒክ ማርሽ ያላቸው አዳዲስ ማውንቶች፣ ለምሳሌ ዜድደብልዩኦ ኤኤም5፣ የክብደቱን ዘንግ ጨርሶ ያስቀራሉ። ኤኤም5 ከ0 እስከ 90 ዲግሪ ኬክሮስ ይሠራል፤ ክብደቱ 5 ኪሎ ሆኖ ያለ ሚዛን ክብደት 13 ኪሎ ይሸከማል። የቱቦው ጀርባ ግን አሁንም እግሩን ሊነካ ስለሚችል 20 ሴንቲ ሜትሩ ማስረዘሚያ እዚህም ያስፈልጋል። የሚመዝነው ሁሉ በአንድ ወገን ስለሚንጠለጠል ቀላል ትራይፖድ ሊገለበጥ ይችላል፤ ከትራይፖዱ ሥር አሸዋ የተሞላ ከረጢት ይንጠልጠል። የእነዚህ ማውንቶች ማርሽ ሲዞር የሚፈጥረው መዛነፍ ከፍ ስለሚል ኮከብ እየተከታተለ ማውንቱን የሚያርም የመምሪያ ካሜራ የግድ ነው። ዋጋቸው ውድ ነው፤ በአውሮፕላን ይዞ ለሚጓዝ ሰው ግን ያዋጣል።

በጅዳና በሉክሶር የሚጠበቀው ግርዶሽ

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 2 ቀን 2027፣ የሚሆነው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በዚህ ጉዳይ ላይ ለሚያመነታ ሰው ጥሩ መፈተኛ ነው። በኢትዮጵያ በከፊል ይታያል። ሙሉው ጥላ ግብፅን አልፎ በጅዳ ላይ ያልፋል፤ በዚያ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ከቤታቸው ጣሪያ ሊያዩት ይችላሉ። በሉክሶር አቅራቢያ ሙሉው ጨለማ ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል፤ ፀሐይም በዚያ ሰዓት 82 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች። በጅዳ ከ70 ዲግሪ በላይ ነች። ከ60 ዲግሪ በላይ የማይሄድ ዝግጅት ይዞ የሄደ ሰው ሙሉ ግርዶሹን ማንሳት አይችልም።

ጀርመን ኢኳቶሪያል ይዞ ወደ ሉክሶር የሚሄድ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ሙሉው ጨለማ የሚጀምረው ፀሐይ የቀትርን መስመር ካለፈች በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ ማውንቱ ጎን ለመቀየር፣ ማለትም ቱቦውን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ለማዞር የሚፈልግበት ሰዓት ከዚያው ጋር ይገጥማል። ፀሐይ በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ስለምትጓዝ የማውንቱ ገደብ ከቀትር መስመር በኋላ ቢያንስ 20 ደቂቃ እንዲፈቅድ ተደርጎ ይስተካከል፤ ካሜራው በእነዚያ 5 ዲግሪዎች ውስጥ እግሩን እንደማይነካም አስቀድሞ በዓይን ይታይ። በጅዳ ፀሐይ መስመሩን የምታልፈው ከሙሉው ጨለማ 50 ደቂቃ ገደማ አስቀድማ ስለሆነ ጎን መቀየሩ በከፊል ግርዶሹ ጊዜ ያልቃል።

ልምምዱን ከግርዶሹ አንድ ሳምንት በፊት፣ በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት፣ በቱቦው ፊት ትክክለኛውን የፀሐይ ማጣሪያ አስረው ያድርጉት። በሳምንት ውስጥ የፀሐይ ከፍታ የሚለወጠው ከ2 ዲግሪ ባነሰ ስለሆነ ካሜራው ያን ቀን ካልተላተመ በግርዶሹም ቀን አይላተምም።